ስኳር አለብህ እንዴ?

አማርኛ ቆንጆ ቋንቋ ነው። አንዳንዴ ግን ጤነኛ ሰው ያሳምማል። «ሻይ፣ ስኳር የሌለበት» ብለህ ስታዝ፣ ሰው የሚሰማው «ስኳር አለብኝ» ያልክ ያህል ነው። ወዲያው ፊቱ ይቀየራል። ድምፁ ዝቅ ይላል። «አይዞህ» ይልሃል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ፤ ስኳር የለብኝም። ማስረጃ አለኝ። የደም ምርመራው ወረቀት ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ኤዋንሲ፣ ማለትም ያለፉት ወራት የደም ስኳር መለኪያው፣ 5.2 ይላል። ከ5.7 በታች የሆነ ሰው ደህና ነው። ወረቀቱን ከመንጃ ፈቃዴ ጀርባ አጥፌ ይዤው እዞራለሁ። እስካሁን መንጃ ፈቃድ አሳየኝ ያለኝ ፖሊስ የለም። ወረቀቱን ግን አሥራ ምናምን ሰው አይቶታል።

የምኖረው አትላንታ፣ ክላርክስተን አካባቢ ነው። እንጀራዬ መኪና ላይ ነው፤ ሰው አመላልሳለሁ። አንድ ቀን ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ ሥራ ስፈታ ስኳሬን ደመርኩት። በቀን ስድስት ሻይ። ለእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። 72 ግራም ሆነ። በሰባት ሳባዛው ከግማሽ ኪሎ አለፈ። በሳምንት! በሻይ ብቻ! ያደግሁበት ቀበሌ ይህን ቢሰማ የቤተሰቡን ራሽን ሰርዞ እኔን ለጥያቄ ይፈልገኝ ነበር።

በዚያው ቀን ስኳር ተውኩ። ሻይ ግን አልተውኩም። ሰው ስንቱን ይተዋል?

ወሩ ሐምሌ ነበር። የአትላንታ ሙቀት ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከአስፋልቱም ይነሳል። 95 ፋራናይት፣ በእኛ 35 ዲግሪ መሆኑ ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ እንደ ድስት ክዳን ይገጠምብሃል። እንዲህ ባለ ቀን ትኩስ ሻይ የሚጠጣ ሰው ንስሐ የተሰጠው ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ሻይ ፈለግሁ። በበረዶ፣ ያለ ስኳር። ቀላል ነገር መሰለኝ።

ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ሰው አድርሼ ስመለስ አንድ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ እናቴን የምታህል ሴት ናት።

«ምን ላምጣልህ፣ ሃኒ?»

«አይስ ቲ። ስኳር የሌለበት።»

«አንስዊት?» አለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እርግጠኛ ነህ፣ ስዊቲ?»

ልብ በሉልኝ። ስኳር የተውኩ ሰው ነኝ። ገና ሳልቀመጥ ማርም ተባልኩ፣ ጣፋጭም ተባልኩ።

እርግጠኛ መሆኔን ስትሰማ አመጣችው። ብርጭቆው የጠላ ጣሳ ያክላል። በረዶው እስከ አፉ ድረስ ነው። ጠርዙ ላይ የሎሚ ቁራጭ ተሰክቷል። ሎሚው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ያልጣፈጠው የቱ እንደሆነ እንዳይምታታባቸው ምልክት ነው። ቀመስኩት። ቀዝቃዛ፣ መረር ያለ፣ ጥርት ያለ። ጉሮሮዬ «የት ከርመህ ነው?» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ግማሽ አደረስኩት።

ችግሩ ዓይኔን መጨፈኔ ነው። እዚህ አገር ሻይ አንዴ ከከፈልክበት በነፃ ይሞላልሃል። አስተናጋጇ ከጀርባዬ መጥታ ግጥም አድርጋ ሞላችው። የሁለቱ ጆግ ልዩነት አንደኛው እጀታ ላይ የታሰረች የላስቲክ ቁራጭ ናት። እሷ የያዘችው ላስቲክ የሌለውን ነበር። ስጎነጭ ጥርሴ ድረስ ዘለቀኝ። የቀለጠ ከረሜላ! ነገርኳት። አፏን ይዛ «ውይ፣ ሃኒ» አለችና በጣም ይቅርታ ጠየቀች። ለይቅርታውም አንድ ቁራጭ ኬክ በነፃ አመጣችልኝ።

በኋላ ሳጣራ ጥርጣሬዋ የግሏ እንዳልነበረ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 የግዛታችን የጆርጂያ ምክር ቤት አባላት አንድ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። አይስ ቲ የሚሸጥ ምግብ ቤት ሁሉ የግድ ጣፋጩንም ይሽጥ ይላል። ያልጣፈጠውን መሸጥ አይከለክልም፤ ብቻውን መሸጥ ግን ወንጀል ነው። ጣፋጭ ሻይ ማለት ሲዘጋጅ ጀምሮ ስኳር የገባበት ነው ብሎም ይተረጉመዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ በማንኪያ ማማሰል አይቆጠርም። ረቂቁ የቀረበው ኤፕሪል 1፣ ፈረንጅ ሁሉ በሚቀልድበት ቀን ነው። ሕግ ሆኖ አልወጣም። ያቺ አስተናጋጅ ግን እንደጸደቀ ሕግ እያስከበረችው ነው ባይ ነኝ።

ጎረቤታችን ደቡብ ካሮላይናም እ.ኤ.አ. በ1995 ሻይን የእንግዳ መቀበያ መጠጥ ብላ በሕግ ሰይማለች። እንግዳ መቀበያ! ይህን ስሰማ የባለቤቴ አክስት ትዝ አሉኝ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

አንድ ጓደኛዬ «ለምን ትጨነቃለህ፣ ሃፍ ኤንድ ሃፍ በላቸው» አለኝ። ግማሽ የጣፈጠ፣ ግማሽ ያልጣፈጠ። በእኛ ስፕሪስ መሆኑ ነው። ሞከርኩት። ግማሽ ጾም እንደ መጾም ነው፤ ርቦሃልም፣ አልጾምክምም።

ነዳጅ ማደያ ገባሁ። ማቀዝቀዣው ሙሉ ሻይ ነው። አንዱ በሎሚ፣ አንዱ በኮክ፣ አንዱ ዳይት፣ አንዱ «ትንሽ የጣፈጠ» ይላል። «ትንሽ» የሚለውን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩት። 20 ግራም። አምስት ማንኪያ! እንኳን «ብዙ» አላሉ። ዳይቱ እውነት ነው ስኳር የለውም፤ ከስኳር የባሰ የሚጣፍጥ ነገር ግን አለው። ያልጣፈጠውን ያገኘሁት በመጨረሻ ከታች መደርደሪያ፣ ከጥግ፣ የተረሳ ወተት አጠገብ ነው። አንድ ብቻ። የተቀጣ ተማሪ መስሎ ቆሟል። ካሸሩ አየውና ጠርሙሱን መልሶ አሳየኝ፤ «ይኼ እኮ ስኳር የለውም» አለኝ። እዚህም!

ራሴ ላፈላው ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት በእናቴ ሞያ ማፍላቴ ነው። የእኛ ሻይ ለስኳር የተሠራ ነው። ቅጠሉም፣ ቀረፋውም፣ ቅርንፉዱም፣ ሄሉም አንድ ላይ እንደ ወጥ ይንተከተካል። ስኳሩ ያንን ሁሉ ጉድ ሸፍኖለት ነው የኖረው። ስኳሩ ሲነሳ ታኒን የሚባለው ነገር ብቻውን ይቀራል። ቆዳ የሚያለፉት በታኒን ነው። እኔም ምላሴን አለፋሁት። ደግሞ ትኩሱን በረዶ ላይ ስገለብጠው በረዶው ቀልጦ አለቀ። የተረፈውን ፍሪጅ ባስገባው ደፍርሶ ጠበቀኝ፤ አተላ የወረደበት ጠላ መሰለ። ካፌይኑና ታኒኑ ብርድ ሲመታቸው ይተቃቀፋሉ፤ መደፍረሱ ከዚያ ነው። ትንሽ የፈላ ውኃ ጠብ ብታደርግበት መልሶ ይጠራል። እኔ ግን ያኔ አላወቅሁም፤ የተበላሸ መስሎኝ ደፋሁት።

መላው ለካ አለማፍላት ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጆግ ላይ፣ አራት የሻይ ማንኪያ ቅጠል፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከማታ እስከ ጠዋት። ጠዋት ማጥለል ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ምሬቱን እንደ ፈላ ውኃ አያወጣውም፤ አይደፈርስምም። ቅጠሉ ከከፋ የመጣ ውሽውሽ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው በሽሮና በበርበሬ መሃል ጠቅጥቆ ያመጣልኝ ነው። መጀመሪያ የቀመስኳቸው ሁለት ጆጎች ትንሽ በርበሬ በርበሬ ይሉ ነበር። አልጠላሁትም።

የመጀመሪያውን ጆግ ግን አልቀመስኩትም። ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስከፍት ባዶ ነው። ጆጉ ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ ማድረቂያው ላይ ያበራል።

የባለቤቴ አክስት እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። እትዬ እንላቸዋለን።

«እትዬ፣ እዚህ የነበረው ጆግስ?»

«የቱ? ያ ያደረው ሻይ? ደፋሁልህ እንጂ። እኔ እያለሁ ነው ያደረ ሻይ የምትጠጣው?»

«ሆን ብዬ ነው ያሳደርኩት።»

«ሆን ብለህ?»

«አዎ። በቀዝቃዛው ነው የሚጠጣው። ስኳር የለበትም።»

ይህን አልል ነበር። እትዬ የያዙትን ፎጣ አስቀመጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ስኳሩ።»

«ኧረ የለብኝም!»

«አሁን የለበትም አልክ እኮ።»

«ሻዩ ላይ የለበትም። እኔም የለብኝም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ወረቀቴን አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። የእንግሊዝኛ ፊደል አያነቡም፤ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች አዩት። «ወረቀትም ይሳሳታል» ብለው መለሱልኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። አንዷ የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ሰጠችኝ። አንዷ አብሽ ዘፍዝፈህ በባዶ ሆድህ ጠጣ አለችኝ። ጥቁር አዝሙድ ያዘዘልኝም አለ። የእድራችን ጸሐፊ ስልኬ አለመቀየሩን ጠየቀኝ፤ ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ፓርኪንጉ ውስጥ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«እኔም አለብኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አይዞህ፣ ይኖራል። እግርህን ብቻ ጠብቅ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የለብኝም።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚህ ነበር የምለው።»

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ አጠገባቸው ነበርኩ። ሦስት ማንኪያ አደረጉ። አየኋቸው። «ኪኒኔን ወስጃለሁ» አሉኝና አራተኛውን ጨመሩ።

እትዬን በታሪክ ላሸንፋቸው ሞክሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 የታተመ የቨርጂኒያ የምግብ መጽሐፍ አይስ ቲ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። በረዶ ሙላ፣ በየብርጭቆው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምር ይላል። «ሁለት?» አሉ እትዬ። «ፈረንጅ ድሮም ቆጣቢ ነው።» እሺ፣ የአገራችንን ላንሳ ብዬ «አያትዎ ቡና በጨው አልነበር የሚጠጡት? ስኳር መቼ ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ጨው ሌላ። ጨው የሆነ ነገር ነው። ያንተ ባዶ ነው» አሉ። መልስ አጣሁ።

ደግሞ አልፈርድባቸውም። እትዬ በቀበሌ ስኳር ሰልፍ ላይ ያረጁ ሴት ናቸው። ደብተር ይዘው፣ ማለዳ ወጥተው፣ አንዳንዴ ተራቸው ሲደርስ «አልቋል» ተብለው ተመልሰዋል። ስኳር ሲጠፋ ባለቤቴ ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ሻይ እየጠጣች ያደገችባት ቤት የእሳቸው ናት። ለእንግዳ ግን ስኳር አጥተው አያውቁም። ከልጆቹ ደብቀው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልለው ያኖሩ ነበር። ስኳር ማጣትን ያውቁታል። ስኳር መተው የሚባለውን ከወዴት ያምጡት? ሻይ መቀዝቀዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እሳቸው ቤት እንግዳ ወሬ ይዞ ሻዩ ከቀዘቀዘ ብርጭቆው ይነሳና በትኩስ ይቀየራል። እኔ ሁለቱን ነውር በአንድ ጆግ አሳድሬ መጣሁ።

ነሐሴ ላይ የቤታችን ኤሲ ተበላሸ። ጠጋኙ ከሦስት ቀን በኋላ እመጣለሁ አለ። ሁለተኛው ቀን ማታ ከሥራ ስገባ እትዬ ሳሎን ነጠላቸውን ጥለው በካርቶን ክዳን እያራገቡ ናቸው።

«ያ ያደረው ነገርህ አለ?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ቀዳሁላቸው። በረዶ ጨመርኩበት። አንዴ ተጎነጩ። ፊታቸው ተኮማተረ። ምንም አልተናገሩም። ተነስተው ስኳሩን አመጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማማሰል ጀመሩ። ስኳሩ እንደ አሸዋ ታች ወረደና ተቀመጠ። አማሰሉ። ተሽከረከረና ተመልሶ ተቀመጠ። ማንኪያው ከበረዶው ጋር ሲጋጭ ቤቱ በሙሉ ይሰማል።

«ይኼ ስኳር ምን ነክቶታል?»

«ቀዝቃዛ ላይ ቶሎ አይሟሟም፣ እትዬ።»

«የአሜሪካ ስኳር!» አሉ።

ከዚያ ሙቀቱ ሳያሸንፋቸው አልቀረም፣ ከላይ ከላይ መጠጣት ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ ሎሚውንም ጨምቀው፣ እስከ በረዶው ድረስ ጨረሱት። እኔ ትንፋሼን ውጬ አያለሁ። ብርጭቆውን አዘነበሉና ታች የተቀመጠውን ስኳር በማንኪያ ዛቁት። አፋቸው ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

«አየህ፣ እኔም ያለ ስኳር ጠጣሁት» አሉ እያኘኩ። «ለሰው እንዳትናገር ብቻ። አለባት ይሉኛል።»