ወረዳችን ስንት ሰው አለው?

ውጭ ሀገር ያለን የአንድ አካባቢ ልጆች ቴሌግራም ላይ ተሰባስበን ገንዘብ ማዋጣት ከጀመርን ቆየን። ከስዊድን የሚያዋጣ አለ፣ ከአሜሪካ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከሳዑዲም አለ። ሐሳቡ ጅማ ዞን ውስጥ ባለ አንድ ገጠር ወረዳ ተጨማሪ የመማሪያ ክፍሎች ማሠራት ነው። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ብሩ መሰብሰብ ሲጀምር አንዱ ልጅ ጥሩ ጥያቄ አነሳ፦ ክፍሎቹ በሚሠሩበት ቀበሌ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስንት ናቸው?

እኔ ጅማ ስለነበርኩ አጣሪው እኔ ሆንኩ። ከትምህርት በኩል አንድ ቁጥር ተነገረኝ። ከጤና በኩል ሌላ። ከቀበሌው ሦስተኛ። ልዩነቱ ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍል የሚሞላ ነው። ማንም አልዋሸኝም። ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው መጥቶ የተመዘገበውን ልጅ ነው፣ ቤት የቀረውን አያውቅም። ጤና ኬላው የሚያውቀው የተከተበውን ነው። ቀበሌው ደግሞ ለማዳበሪያና ለግብር የያዘውን የአባወራ ዝርዝር በአማካይ የቤተሰብ ብዛት አባዝቶ ነው የነገረኝ። ሁሉም ደብተር አለው። ደብተሮቹ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1976 እና በ1987 ተቆጥሯል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ጊዜው ሲደርስ በጸጥታ ምክንያት ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ከዚያ ጦርነት። በመጨረሻው ቆጠራ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ድምፅ ለመስጠት ደርሷል።

በ1999ኙ ቆጠራ ጅማ ዞን 2,486,155 ሰው ነበረው። ከዚህ ውስጥ ከተማ ነዋሪው 5.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ገጠሬ። ጎማ ወረዳ 213 ሺህ፣ ዴዶ 288 ሺህ ሰው ነበራቸው። ጅማ ከተማ ለብቻዋ ተቆጥራ 120,960 ነበረች። ዛሬ ከሂርማታ ገበያ ተነስቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ የሄደ ሰው ያንን ቁጥር ይዞ ከተማዋን ሊያውቃት አይችልም። ገጠሩም እንዲሁ ነው። ከ1999 በኋላ የተደራጁ ወረዳዎች አሉ፣ ኦሞ ቤያምና ማንቾን የመሳሰሉ፤ እነሱ በዚያ ቆጠራ ዝርዝር ውስጥ በስማቸው የሉም። አሁን በሥራ ላይ ያለው ቁጥር የ1999ኙን መነሻ አድርጎ የተሰላ ትንበያ ነው። ትንበያ ለሀገር፣ ለክልል ያገለግላል። ወደ ወረዳ ሲወርድ ይሳሳል፣ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ደግሞ ግምት ላይ ግምት ነው። መምህር፣ የክትባት ጠርሙስ፣ የወባ አጎበር ግን የሚያስፈልገው ቀበሌ ላይ ነው።

በዚህ ላይ የኛ አካባቢ ሕዝብ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቆጠራው የተካሄደው ግንቦት ላይ ነበር። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሊሙና ጎማ ቡና ሲደርስ ለቀማ የሚመጣው ሰው ብዛት ሌላ ነው፤ ወቅቱ ደግሞ ቆላማው አካባቢ ወባ የሚነሳበት ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚጠይቀው በነዋሪው ልክ፣ በር ላይ የሚሰለፈው ግን ነዋሪውም ለቃሚውም ነው። በተቃራኒው ደግሞ የሄዱ አሉ። ሴት ልጇ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት ያለች እናት ልጆችሽ ስንት ናቸው ስትባል የሄደችውንም ጨምራ ትናገራለች። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ልጅ በቁጥር መጥራት አይወዱም፤ “አልሐምዱሊላህ፣ አሉ” ብለው ያልፉታል። ቆጣሪ ሆነህ ምን ትጽፋለህ?

እኔ የምኖረው ሰሜን ስዊድን ነው፣ ኡሜዮ። የምሠራው ከአረጋውያን ጋር ነው። ከኛ ወደ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢዩርሆልም የሚባል ኮሙን አለ፣ ኮሙን ማለት እንደኛ ወረዳ ነው። ከሀገሪቱ 290 ኮሙኖች በሕዝብ ብዛት ትንሹ እሱ ነው፣ 2,400 ሰው ገደማ። ጅማ ገጠር ውስጥ ብዙ ቀበሌ ከዚህ ይበልጣል። ግን በዚያ ኮሙን በዓመቱ ስንት ልጅ እንደተወለደ፣ ስንት ሰው እንደሞተ፣ ስንት እንደገባና እንደወጣ፣ ስንቱ 80 ዓመት እንዳለፈው ስልክህን ከፍተህ ታያለህ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚዘጋ፣ ለአረጋውያን ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው ያንን አይተው ነው። ኮሙኑ የሚመደብለት ገንዘብም ነዋሪው ስንት እንደሆነና የዕድሜው ስብጥር ምን እንደሚመስል ታስቦ ነው።

ሕፃን ሲወለድ ሆስፒታሉ በቀጥታ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል። ወላጅ የሚቀረው በ3 ወር ውስጥ ስም ማስገባት ነው። ቤት ስትቀይር በአንድ ሳምንት ውስጥ ታሳውቃለህ። ስለዚህ እንደድሮው ቤት ለቤት እየዞሩ መቁጠር አያስፈልጋቸውም፣ መዝገቡ ራሱ ቆጠራ ነው።

ይህን ጅማ ላይ ሳወራ የሚመለስልኝ አንድ ነገር ነው፦ “እነሱማ ኮምፒውተር አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው።” ይህ መልስ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ስዊድኖች ይህን የጀመሩት ድሆች ሳሉ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1749 ነው የሀገሪቱ የሕዝብ መዝገብ ድምር በመንግሥት ደረጃ መሰብሰብ የተጀመረው። ሠራተኞቹ የገጠር ቄሶች ነበሩ። ቄሱ በየዓመቱ በየቤተሰቡ እየዞረ ማን ማንበብ ይችላል፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወደ ሌላ ደብር ሄደ እያለ በእጁ ይጽፍ ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻ እኔ ያለሁበትን ሰሜኑን ረሃብ ሲመታው ሰው የዛፍ ቅርፊት ከዱቄት ጋር ቀላቅሎ ጋግሯል። ያን ጊዜ እንኳን የሞተው በስሙ ተጽፏል። ከነዚያ መዝገቦች ነው ሕፃናት ምን ያህል እንደሚሞቱ በግልጽ የታየው፤ ስለ አዋላጆች ሥልጠና የተነሳው ክርክርም በእነሱ ላይ ቆሟል። የፈንጣጣ ክትባት በ1816 ግዴታ ሲሆን ማን እንዳልተከተበ በየደብሩ ማወቅ ይቻል ነበር። ለሁሉም ሰው መለያ ቁጥር የተሰጠው በ1947 ነው። ምዝገባው ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጥቶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የተላለፈው ደግሞ በ1991፣ ትናንት ማለት ነው። ሁለት መቶ ዓመት በወረቀትና በቀለም ሠርተውታል።

እኛስ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 760/2004። በመላ ሀገሪቱ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ምዝገባው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው መረጃው የተሰበሰበው የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበር። ያው ጥናት ኦሮሚያ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ 5.4 ልጅ ትወልዳለች ይላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ 1.8። የሚወለደው ልጅ የሚበዛበት አካባቢ ምዝገባው ደካማ ከሆነ ወረዳው ከዓመት ዓመት ከራሱ ሕዝብ እየራቀ ይሄዳል።

ዕድሜ ያልተጻፈበት ኑሮ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ቤት ስንገባ ቀኝ እጃችንን በጭንቅላታችን ላይ አሳልፈን ግራ ጆሯችንን እንድንነካ ተደርጓል። የነካ ገባ፣ ያልደረሰለት ለከርሞ ተመለሰ። በየቆጠራውም ዕድሜያቸው 30፣ 35፣ 40 ነው የሚሉ ሰዎች ተደራርበው ይገኛሉ፣ 33 ወይም 37 ነኝ የሚል ጥቂት ነው። ይህ ለትልቅ ሰው ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለሴት ልጅ ግን ሌላ ነው። ከጅማ ገጠር ወደ ዓረብ ሀገር የሚሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ይህን ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሕጉ 18 ዓመት ይጠይቃል። ልደቷ ያልተመዘገበ የ15 ዓመት ልጅ ዕድሜዋ መታወቂያዋ ላይ የተጻፈላት ነው፤ ደላላው 22 ካስባለ 22 ናት። ያለ ዕድሜዋ ስትዳርም ያው ነው፤ አስተማሪዋ ፖሊስ ጋ ሄዳ “ልጅ ናት” ብትል በምን ታስረዳለች? የልደት ወረቀት ለኛ ውጭ ላለነው ለቪዛ የምናወጣው ነገር ሆኖ ቀርቷል። ለዚያች ልጅ ግን ከለላ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ዕውቀቱ መኖሩ ነው። ስዊድን ውስጥ መዝገብ ላይ በትክክል የሰፈረ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ጎረቤት ሳያውቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በሥራዬ ምክንያት ይህ ነገር ሁሌ ያሳስበኛል። ጅማ ገጠር ይህ አይታሰብም። ሰው ሲሞት በዚያው ቀን መንደሩ ሁሉ ቀብር ላይ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ማን እንደሞተ፣ ማን ወልዳ እንደተኛች፣ የማን ልጅ እንደሄደ ያውቃል፣ ግማሹን በደብተር ጽፎታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የየቤተሰቡ ማኅደር አላት፤ ነፍሰ ጡሯን፣ ሕፃኑን፣ ሽንት ቤት ያለውንና የሌለውን ቤት ለይታ ይዛለች። አንዷን “ይህን ለማን ትሰጫለሽ?” አልኳት። “ለጤና ጣቢያው ሪፖርት እልካለሁ። ትምህርት ቤቱ ጠይቆኝ አያውቅም” አለችኝ። ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው በእግር የሚያደርሱ ጎረቤታሞች ናቸው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅንም ቤተሰብ እየቆጠረ ነው የሚመዘግበው። ሊሙ ኮሳ ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ነበር።

ደግሞም አይቻልም እንዳይባል ምሳሌው እዚሁ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ካሉት ከሶኮሩ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከቀርሳና ከጢሮ አፈታ ቀበሌዎችን መርጦ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደት፣ ሞትና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲከታተል ቆይቷል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ምልክት ጠይቀው በምን እንደሞተ ለመለየት ይሞክራሉ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ የዚያው አካባቢ ወጣቶች ናቸው፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ቤቱን የሚያውቁ። ከዚያ ሥራ ብዙ የጥናት ወረቀት ወጥቷል። እኔ ማየት የምፈልገው ያ አሠራር ከምርምር ወጥቶ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የዕለት ሥራ ሲሆን ነው።

ቆጠራ ፖለቲካ እንዳለበት አውቃለሁ። በጀት አለበት፣ የምክር ቤት ወንበር አለበት፣ ስለዚህ ሁሉም ወገን ቁጥሩን ይፈራዋል ወይም ይመኘዋል። ገበሬውም ዝርዝር ሲባል ግብር ወይም ሌላ ነገር ይመጣል ብሎ ይሰጋል፣ ስጋቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለዚህ ነው ከብሔራዊ ቆጠራው ይልቅ የልደት ምዝገባው ላይ የማተኩረው። የልደት ወረቀት ለወላጁ በእጁ የሚገባ ነገር ነው። ብሔርህ ምንድን ነው ብሎ የሚጣላ የለም። ሕፃን ተወለደ፣ ተጻፈ፣ አለቀ። ጤና ጣቢያ የወለደች እናት የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይሰጣታል፤ ቤት የወለደችዋን ደግሞ ኤክስቴንሽኗ ታውቃታለች። የሚጎድለው ወረቀቱ ቀበሌ የሚደርስበት መንገድ ነው። መዝጋቢው ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ተደርቦበታል፣ ቅጽ ያልቅበታል፣ ቁም ሣጥኑ አይቆለፍም፣ ገበሬው ከሁለት ሰዓት መንገድ መጥቶ “ዛሬ የለም” ይባላል። ሁለተኛ አይመጣም።

ስለዚህ ለቡድናችን ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ክፍሎቹ ይሠሩ። ግን ከተዋጣው ብር ትንሽ ድርሻ ለዚህ ይዋል፦ ለሚቆለፍ ሣጥን፣ ለመዝገብና ለቅጽ ማባዣ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን፣ መዝጋቢው ገበያው አጠገብ እንዲቀመጥ ለትራንስፖርቱ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ትምህርት ሳይከፈት፣ የቡና ለቃሚም ሳይመጣ፣ አንድ መምህር፣ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የየእድሩ ጸሐፊ አብረው ተቀምጠው ደብተሮቻቸውን ስም በስም ያመሳክሩ። 7 ዓመት የሞላው ማን ነው፣ ያልተመዘገበው ማን ነው፣ የሄደው ማን ነው። የሦስት ቀን ሥራ ነው፣ ምሳቸውን እኛ እንችላለን። ቀበሌው ፈቅዷል፣ ርዕሰ መምህሩም እሺ ብለዋል። የሚቀረኝ ራቅ ያሉት ጎጦች ናቸው፣ መንገዱ በክረምት ስለሚቋረጥ። ከዚያ በኩል የሆናችሁ የመንደራችሁን እድር ጸሐፊ ስልክ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሐምሌ ሳያልቅ ልደውልላቸው እፈልጋለሁ።