ዕድራችን ዘመነ፣ እንኳን ደስ አላችሁ

ባለፈው ማክሰኞ ለቅሶ ቤት ሄጄ የተቀመጥኩት ከጀርባው ወርቃማ ሪባን በታሰረለት ወንበር ላይ ነው። ሪባኑ በአበባ ቅርጽ ነው የታሰረው። ፊት ለፊቴ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ከፍ ብሎ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ከባነሩ ሥር የሟች እህት ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ።

ቀስ በሉ፣ አታጉረምርሙ። ዕድራችን ተሳስቶ አይደለም። ዘምኖ ነው።

የእናንተም ዕድር ሳይዘምን አልቀረም መቼም። ምልክቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ «የትኩረት አቅጣጫ» የምትል ቃል ትመጣለች። ቀጥሎ ላፕቶፕ ይገዛል። ከዚያ «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚል ወረቀት ላሚኔት ተደርጎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። እሴቶቹ አንዴ ግድግዳ ላይ ከወጡ ማንም ተሸክሟቸው መዞር የለበትም። የፈለገ ሰው በሥራ ሰዓት መጥቶ ያነባቸዋል።

ድሮማ ምን ነበር? ዕድር አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው ይባላል፤ የእኛው ደግሞ በ1961 ተቋቋመ። ደንቡ በእጅ የተጻፈበት ደብተር አሁንም አለ፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። የጻፉት ከመንዝም፣ ከጉራጌም፣ ከወሎም መጥተው እዚህ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት የሚቀብረው ወገን አለው። ከተማ ውስጥ፣ ኪራይ ቤት፣ ብቻውን የሚሞተውን ማን ይሸከመዋል? ያስፈራቸው ይሄ ነበር። «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ለአፍ ማሳመሪያ አልነበረም። ስለዚህ ሳንቲም አዋጡ። ድንኳን ገዙ፣ ሰታቴ ገዙ፣ አግዳሚ ወንበር አሠሩ፣ ጥሩንባ የሚነፋ ሰው ቀጠሩ። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነች፦ አባል ሲሞት እንቀብራለን፣ ቤተሰቡ ዘንድ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። አለቀ። ራዕይ የለ፣ ተልዕኮ የለ። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው!

የዛሬው ኮሚቴያችን የድሮውን ዕድር «ቀብር ላይ የተንጠለጠለ» ይለዋል። አሁን የልምድ ልውውጥ አለ። ሐዋሳ ተሂዶ ሐይቅ ዳር ልምድ ተቀስሟል፤ ፎቶው ላይ ልምዱ የተጠበሰ ዓሣ ይመስላል። የምሥረታ በዓል አለ፣ ኬክ ተቆርሷል፣ ድሮን ከላይ ቀርፆታል። የምሥክር ወረቀት አለ፣ ኮሚቴው ለኮሚቴው የሚሰጠው። ጃኬት አለ፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ የዕድሩ ስም፣ ደረቱ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች። ቃሬዛ ለመሸከም ሲጠሩት ወገቡን የሚያመው፣ ማይክ ሲያዩ ግን የሚድን አንድ ዓይነት ሰው አለ አይደል? በየዕድሩ አለ። የእኛው ጃኬቱን ከነሐሴ ጀምሮ አላወለቀም።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ወንበሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አግዳሚዎቹ «ገጽታችንን ያበላሻሉ» ተባለና ለማገዶ ተሸጡ። ያ እንጨት ስንት ሰው ተቀምጦበት ያለቀሰበት ነው፣ ሽሮ አበሰለ። በምትኩ 200 የፕላስቲክ ወንበር ተገዛ። ወንበር ራቁቱን አያምርም ተባለና ነጭ ልብስ ተሰፋለት። ነጭ ብቻውን ከፈን ይመስላል አለ አንዱ (ከዕድር ሰው የሚጠበቅ አስተያየት ነው)፣ ስለዚህ ወርቃማ ሪባን ተጨመረ። ሪባን ያለው ወንበር ደግሞ ሠርግ ይጠራል። ድንኳኑም ወንበሩም ለሠርግ መከራየት ጀመሩ፤ «የገቢ ምንጭን ማስፋት» ይባላል። እንግዲህ አስቡት፣ ሠርግ ቀን ይቆረጥለታል፣ ቀብድ ይከፈልበታል፣ ሲያልቅም ጉርሻ አለው። ሞት ቀብድ አይከፍልም። ሳይነግር ይመጣል፣ ያውም በማክሰኞ። ሥርዓት የሌለው ደንበኛ ነው፤ ወረፋው ላይ ከኋላ ቢቀመጥ አይፈረድም።

ሰኞ መልስ ነበር። ሴትዮዋ ያረፉት ሰኞ ሌሊት ነው። ድንኳኑ ከመልሱ ቤት ተነቅሎ የደረሰው ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው፣ ጫኞቹ የሚያራግፉበት ጊዜ ስላልነበራቸው እንዳለ ተከሉት፦ ከነባነሩ፣ ከነፊኛው፣ በየምሰሶው ከተጠመጠመው ብልጭ ድርግም ከሚለው መብራት ጋር። መብራቱ አልጠፋ አለ። ማጥፊያው ዲጄው ጋ ነው ተባለ፣ ዲጄው ስልክ አያነሳም፣ ስለዚህ አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሐምራዊ እየሆንን አለቀስን። የሟች ባለቤት ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተው የተቀመጡበት ወንበር ላይ «የሙሽራው አባት» የሚል ካርድ ተሰክቷል። ማንም ደፍሮ አልነቀለውም። ሰው ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላል፣ ቀና ሲል ካርዱን ያነባል፣ ይደነግጣል፣ ሰውዬውን ደግሞ ያያል፣ ምናልባት ሌላ ቤት ገብቼ ይሆን ብሎ ወደ በሩ ይመለከታል። አንዱማ «መርቁን አባባ» ሊል ጫፍ ደርሶ አፉን ያዘ። ቄሱ ስለ ትንሣኤ ሙታን ማስተማር ሲጀምሩ አንዱ ፊኛ ፈነዳ። ሁለት ሴቶች በድንጋጤ ጮኹ፣ ጩኸቱ ሙሾ መሰለና ድንኳኑ በሙሉ ተቀበላቸው። ቄሱ እስኪበርድ ጠበቁ። ሊቀጥሉ ሲሉ ሁለተኛው ፈነዳ። ንፍሮው ሲመጣ አብሮት የመጣው ሶፍት ልብ የታተመበት ነው፣ ልቡ ውስጥ የሙሽሮቹ ስም የመጀመሪያ ፊደላት አሉ። በእሱ እንባችንን ጠረግን። የማናውቃቸው ሙሽሮች ሐዘናችንን ተካፈሉን ማለት ነው። ይህን የትኛው ኋላ ቀር ዕድር ያደርገዋል? «ሐዘናችሁን ወደ ደስታ ይለውጥላችሁ» ሲባል እኔ ምኞት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ኮሚቴው ጃኬቱን ለብሶ ከኋላ ተሰልፎ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ወጣ፣ «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን በመወጣት ላይ» ከሚል ጽሑፍ ጋር። ልብ ያደረገበት ሰው ብዛቱ!

ለውጥ ጠላ እንዳትሉኝ ደግሞ። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲጨርሰው ትዝ ይለኛል። ጥሩንባው በሳምንት ሦስቴ የሚነፋበት ጊዜ ነበር። የሚሞተው ወጣት ነው፣ የሚቀሩት ሕፃናት ናቸው፣ የዕድሩም ካዝና ተራቆተ። ያኔ የአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ተሰብስበው ነገሩን መከሩበት። ስንቀብር ብቻ መኖር የለብንም፣ ሳይሞቱ እንጠይቃቸው፣ ልጆቻቸውን እንያዝ አሉ። የታመመ አጠቡ፣ ወላጅ ላጣ ልጅ ደብተር ገዙ። ደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ አልነበረም። ግን ያቺን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ተከትሎ የሚደርስበት ቦታ ነው። የወርቅ ሪባንስ? ያቺን ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ባነባት አልደርስበትም።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ላቁም።

ሴትዮዋ 34 ዓመት አባል ነበሩ። እኔ የማውቃቸው በሰው ለቅሶ ሽንኩርት ሲከትፉና ሰታቴ ሥር እሳት ሲያነዱ ነው። እናቴ ስትሞት ሦስቱንም ሌሊት ድንኳን ውስጥ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ሲይዙ የአምስት ወር መዋጮ ተጠራቀመባቸው። የወሩ 100 ብር ነው፣ ጠቅላላው 500 ብር። ኮሚቴው «ውዝፍ ላለበት አባል ግማሽ ይከፈላል» የሚለውን አዲሱን አንቀጽ ጠቅሶ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ገንዘብ ግማሹን አስቀረ። አምስት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም። ያን ሁሉ ጃኬት ከለበሰ ሰው አንዱ እንኳ በራቸውን አንኳኩቶ «እትዬ፣ ምነው ጠፉ?» አላላቸውም። አንዱ ጃኬት 1,500 ብር ነው። የእሳቸው ውዝፍ ሦስት ቦታ ይገባበታል። ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ካልኩሌተር መምታት ዘመናዊነት አይደለም። ነውር ነው። ነውር! ሌላ ስም የለውም።

እሺ። ተመልሻለሁ። ስለ ጥሩንባው አልነገርኳችሁም።

ጥሩንባውም ዘምኗል። ቢሮው ውስጥ መስታወት ሣጥን ተሠርቶለት «ቅርስ» ሆኗል። መርዶ አሁን በቴሌግራም ነው። ነፊው አባባም የምሥክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ተሸኙ። ኮሚቴያችን ኢንተርኔት የሌለው አባል አለ ብሎ አያምንም፤ የሟች ጓደኞች ግን ቁልፍ ስልክ የሚይዙ እናቶች ናቸው፣ ያውም ግማሾቹ ስልኩን የሚያነሳላቸው የልጅ ልጅ ነው። እናም ማክሰኞ ገና ሳይነጋ አባባ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ጥሩንባ ስለሌላቸው በር በር እያንኳኩ ነው የተናገሩት። ሰፈሩ ፈርሶ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሁለት አሮጊቶች ዘንድ ሳይቀር በታክሲ ሄዱ፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ በደረጃ። ቀብሩ ላይ ቆሞ ያለቀሰው ሕዝብ ባመዛኙ እሳቸው የጠሩት ነው። ልብ ያደረገው ሕዝብ ግሩፑ ላይ ቀርቷል።

ሐሙስ ደብዳቤ ደረሳቸው። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። «ከተቋሙ የመረጃ አሰጣጥ ሥርዓት ውጭ በመንቀሳቀስዎ 100 ብር እንዲቀጡ ተወስኗል» ይላል። ግርጌው ላይ የተጨባበጡት እጆች አሉ።

ይህን ሁሉ ማን አጸደቀው ትሉኝ ይሆናል። ጠቅላላ ጉባኤው ነዋ። የዚያን እሑድ ስብሰባው ረዝሞ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ኳስ አለ። የወንበሩ ነገር ቀረበ፣ እጅ አወጣን። የጃኬቱ ቀረበ፣ እጅ አወጣን። የውዝፉ አንቀጽ ቀረበ፣ አንዳንዱ እጁን ከጃኬቱ ጀምሮ አላወረደውም ነበር። እኔም አወጣሁ። ቃለ ጉባኤው «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ይላል። ተቃዋሚው ጥሩንባ ነፊው ናቸው።

ቅዳሜ ቅጣታቸውን ልክፈልላቸው ብዬ 100 ብር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ብርድ ስለነበር ደረብ አድርጌ ነው የወጣሁት። በር ከፈቱልኝ፣ ብሩን አላዩትም፣ እኔን ግን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ይሞቃል?» አሉኝ።

«ይሞቃል አባባ» አልኳቸው።