ይድረስ ለክቡር የጉርሻ ስክሪን፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለፈው ሐሙስ ስለተወሰደችው 43 ሳንቲም

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባትሪዎ፣ ኔትወርክዎ፣ ያ ወደ ደንበኛ ሲሆን ብቻ የሚዞረው አንገትዎ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ ካርዳችንን ይዘን ወረፋ ላይ ከመቆማችን በቀር ምንም አልሆንንም። ናፍቆትዎ እንዳይጎዳን ጠዋት ቡና መሸጫው ባንኮኒ ላይ፣ ቀን ምሳ ላይ፣ ማታ ስልካችን ውስጥ እየተገናኘን ነው።

እዚህ አሜሪካ በካርድ ስንከፍል ዞረው ጉርሻ ለሚጠይቁን ለእርስዎ ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሳሳን የሐሙሱ ነገር ነው። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ወረፋው በሩ ድረስ ተቀጥሏል። አንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዞ እርስዎ ፊት ቀረበ። ውኃውን ከማቀዝቀዣው ያወጣው ራሱ፣ የማቀዝቀዣውን በር በክርኑ የዘጋው ራሱ፣ ባንኮኒው ድረስ የተሸከመውም ራሱ ነው። ካሸሯ ጠርሙሱን አዙራ ኮዱን አስነበበች፤ «ጢጥ» አለ። መስተንግዶው በዚሁ ተጠናቀቀ። ቀጥላ ያቺን ሁላችንም በቃላችን የያዝናትን ተናገረች፦ «አንድ ጥያቄ ይጠይቅዎታል።» እርስዎን በሁለት ጣቷ አዞረችና ዐይኗን ጣሪያው ላይ ሰቀለች። (ካሸሮች በዚያች ቅጽበት ጣሪያ የሚያዩት ጣሪያው እያፈሰሰ አይደለም። አፍረው ነው።)

ጉርሻው በመቶኛ፦ 18፣ 20፣ 25። ሦስቱም አውራ ጣት የሚያክሉ፣ ሦስቱም አረንጓዴ። ከሥራቸው በግራጫ፣ እንደ መድኃኒት ማሸጊያ ጽሑፍ የደቀቀች «ሌላ መጠን»። «ያለ ጉርሻ» የምትለው ቁልፍ ባለፈው ወር ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ሰውየው «ሌላ መጠን»ን ነካ። የቁጥር ሰሌዳ መጣ። ዜሮ ጻፈ። «አረጋግጥ» አልበራም። ለካ እርስዎ ዜሮ የሚቀበሉት እስከ ሳንቲሙ ቤት ተሞልቶ፣ ሦስት ጊዜ ተመትቶ ነው! ይህን እስኪደርስበት ጊዜው አለፈና ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሱት፤ ካርዱንም እንደ አዲስ ጠየቁት። ከኋላው አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዷ አንገቷን አስግጋ ስክሪንዎን አነበበች። ሰውየው ጆሮው ቀላ፣ እጁ ተሳሰረ፣ በመጨረሻ 20ን ተጫነ። ለውኃ። ለዚያውም ገና ክዳኑ ላልተከፈተ። እርስዎም ባለቀለም ብጥስጣሽ ስክሪንዎ ላይ በትነው «እናመሰግናለን!» አሉት።

የእኛ ሰው «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ሲል ቃል በቃል የወሰዱት ይመስላል።

ውኃው 2 ዶላር ነበር። የ2 ዶላር 20 በመቶ 40 ሳንቲም ነው፤ የወሰዱት ግን 43። ሦስቷ ሳንቲም ከየት መጣች? 8 በመቶ ታክስ፣ 16 ሳንቲም፣ አስቀድሞ ተደመረ፤ ሂሳቡ 2.16 ሆነ፤ መቶኛውን ያሰሉት ከዚያ ላይ ነው። ሰውየው ታክስ ስለከፈለ፣ ለታክሱም ጉርሻ ከፈለ። ታክሱን ያስተናገደው ማን እንደሆነ ግን ደረሰኙ አይገልጽም። በውኃ ሲሆን ያስቃል፤ ጠረጴዛ ሞልቶ ተበልቶ 200 ዶላር ሲመጣ ግን በዚሁ ስሌት 40 መሆን የነበረበት 43.20 ይሆናል።

የማሽን ብልሽት ነው የሚል የዋህ ካለ፣ አይደለም። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የሚነካካቸው ሴቲንጎች ናቸው፦ ባንኮኒ ላይ ጉርሻ ይጠየቅ አይጠየቅ፣ ሦስቱ ቁጥሮች ስንት ስንት ይሁኑ፣ ስሌቱ ከታክስ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ። ቁጥሮቹም በዘፈቀደ አልተደረደሩም። ሰው ዳር ዳሩን ይሸሻል፤ ስስታም እንዳይባል ትንሹን፣ ሞኝ እንዳይባል ትልቁን ትቶ መሐሉን ይነካል። 15፣ 18፣ 20 ሲደረደር መሐሉ 18 ነው። 15ን ጥሎ ከላይ 25ን መጨመር ይበቃል፤ መሐሉ 20 ሆኖ ያድራል፣ ማንም «ጨመርኩ» ሳይል። አንዳንድ ወንድሞችዎ ደግሞ ሂሳቡ ከ10 ዶላር ሲያንስ መቶኛውን ደብቀው 1፣ 2፣ 3 ዶላር ብለው ይጠይቃሉ። 1 ዶላር ለ2 ዶላር ውኃ ስንት በመቶ እንደሚሆን ማስላቱን ለእርስዎ ትተናል።

ሰው በሌለበት፣ ደንበኛው ራሱ ኮዱን አስነብቦ ራሱ ከረጢት ውስጥ በሚከትበት ማሽን ላይም ጉርሻ ጠይቀዋል። ለማን እንደነበር ቢነግሩን።

ምግብ ቤት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ መቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ 18 በመቶ ሂሳቡ ላይ ቀድሞ ተደምሮ ይመጣል፤ እርስዎም ያላዩ መስለው ከድምሩ ላይ ሌላ 20 ይጠይቃሉ። የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት በ2012 ባወጣው ማብራሪያ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) እንዲህ በግዴታ የተደመረ ክፍያ ጉርሻ አይደለም፤ የቤቱ ገቢ ነው። ለአስተናጋጁ ቢሰጠው እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ ላይሰጠውም ይችላል። ስለዚህ ጠጋ ብሎ «ይቺ 18 ለአንተ ትደርሳለች?» ማለት ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ፊቱ ላይ ቀድሞ ይታያል።

አሁን ስልካችን ውስጥ ወዳለው ታናሽ ወንድምዎ፣ ወደ ምግብ ማዘዣው አፕ እንለፍ፤ እሱ ከእርስዎ ይብሳል። ምግቡ ገና ሳይበስል ጉርሻ ይጠይቃል። ላልመጣ ሰው፣ ላልደረሰ ዕቃ ምን ተብሎ ይመሰገናል? የሚጠይቀው ምስጋና አይደለማ፤ የጨረታ ዋጋ ነው። ደሊቨሪ የሚሠራው ሰው ስልክ ላይ ብቅ የሚለው ይህ ነው፦ ጠቅላላ ክፍያ፣ ስንት ማይል፣ የምግብ ቤቱ ስም፣ ወደ ዜሮ የሚቆጥር ሰዓት። ክፍያው ውስጥ የእኛ ጉርሻ ተደምሮ አለ። ብዙዎቹ «በማይል 2 ዶላር» የምትል የራሳቸው ልክ አላቸው፤ ቤንዚኑም፣ ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም ከኪሳቸው ነው፤ ባዶ የሚመለሱበት መንገድ ደግሞ አይቆጠርላቸውም። ለ7 ማይል 3 ዶላር ብቅ ሲል የመጀመሪያው እምቢ ይላል። ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እምቢ። ሦስተኛውም እምቢ። ምግቡ መደርደሪያ ላይ በራሱ ላብ ይርሳል። በመጨረሻ አፑ ደኅና ጉርሻ ካለው ሌላ ትእዛዝ ጋር አዳብሎ ለአራተኛው ይሰጠዋል፤ እሱም እሺ ይላል። ምግቡ ቀዝቅዞ ይደርሳል፣ ደንበኛው ተናዶ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ልብ ይበሉ፦ እምቢ ያሉት ሦስቱ ኮከባቸው አልተነካም። የተቀጣው እሺ ያለው ነው።

«በእጄ ልስጠው» ብሎ አፑ ላይ ዜሮ የሚጽፍ ደግ ሰውም ሳያውቀው እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ሹፌሩ የሚያየው ዜሮውን እንጂ የደጉን ሰው ኪስ አይደለም።

ደግሞ ጨረታውን በደንብ የተረዱ አሉ። 20 ዶላር ጽፈው ሰውየውን በዝናብ ያስሮጡና፣ ዕቃው በራቸው ላይ ከተቀመጠ በኋላ አፑ ውስጥ ተመልሰው ገብተው ዜሮ ያደርጉታል። ይህን የሚፈቅድ አፕ አለ። ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የደረሰኙ ነገር ደግሞ ተረት ያስንቃል። «የማድረሻ ክፍያ» የሚለው መስመር ያደረሰው ሰው ዘንድ አይደርስም። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለውም እንደዚያው። ጉርሻውስ ይደርሳል? ምግብ አድራሹ ድርጅት ዶርዳሽ ከ2017 እስከ 2019 ይሠራበት የነበረውን ስሌት ይስሙ። ለአንድ ጉዞ ሹፌሩ ቢያንስ 10 ዶላር እንደሚያገኝ ዋስትና ተሰጠው እንበል። ደንበኛው ምንም ባይጨምር ድርጅቱ 10ሩን ይከፍላል። 3 ቢጨምር ድርጅቱ 7 ይከፍላል። 9 ቢጨምር ድርጅቱ 1 ይከፍላል። ሹፌሩ በሦስቱም ያው 10 ዶላሩን ነው የሚያገኘው፤ ያጎረስነው ድርጅቱን ነበር። በኒውዮርክ ዋና ዓቃቤ ሕግ ምርመራ ተይዞ በ2025 የ16.75 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተስማማ። ስሌቱን ከተወው ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ግን ጉርሻ በተጠየቅን ቁጥር «የማን አፍ ውስጥ ይሆን?» ማለት ለምዶብናል።

ከዚህ ሁሉ አንጀት የሚያሳርረው ግን 2.13 ናት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ቁጥሯ የመጣችው በ1991 ነው፤ ያኔ ዝቅተኛው ደመወዝ 4.25 ነበር፣ ይህቺም ግማሹ ናት። በ1996 ሕግ አውጪዎቹ ሁለቱን ለያዩአቸው። ትልቁ ቁጥር በ2009 7.25 ደረሰ፤ 2.13 ግን እንደ ግድግዳ ፎቶ ከተሰቀለችበት አልወረደችም። በመሐል የቀረችውን 5.12 የሚሞላው የደንበኛው ጉርሻ ነው። ካልሞላ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል፤ ነገር ግን ሂሳቡ የሚታየው በሳምንቱ ድምር ስለሆነ የማክሰኞው ባዶ ምሽት በቅዳሜው ይዋጣል። እንደ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ያሉ ጥቂት ግዛቶች ብቻ ይህን አንቀበልም ብለው ሙሉውን ያስከፍላሉ።

በዚያ ላይ አስተናጋጇ ጠረጴዛ ለሚያጸዳውና ለባርማኑ ታካፍላለች። ብዙ ቤት ማካፈያው የሚሰላው ከጉርሻዋ ሳይሆን ከሸጠችው ሂሳብ ነው፤ 4 በመቶ እንበል። 100 ዶላር በልቶ ዜሮ ጽፎ የወጣ ሰው ከእሷ ኪስ 4 ዶላር አስወጥቶ ሄደ ማለት ነው። በካርድ ሲከፈል የባንኩን ድርሻ ከጉርሻዋ የሚቀንስም አለ፤ በ3 በመቶ ሲሰላ ከ20 ዶላር ላይ 60 ሳንቲም።

እናም «እኔ በመርህ ጉርሻ አልሰጥም» እያልክ ጠረጴዛ ይዘህ ሁለት ሰዓት የምትቀመጠው ወንድማችን፣ መርህህን በራስህ ገንዘብ አራምድ። ለባለቤቱ እኮ ሂሳቡን ሳታጎድል ከፍለኸዋል! የተቃወምከው ማንን ነው?

አንተስ ብትሆን፣ ስክሪኑ! ለ2.13ቷ ሴት የሚገባውን ይሉኝታ በውኃ ጠርሙስ ላይ ጨረስከው። ሰው ጠዋት ለቡና፣ ቀን ለውኃ ሲዋረድ ይውልና ማታ እውነተኛዋ አስተናጋጅ ጋ ሲደርስ እጁ ይታጠፋል። አንዷን ጣሪያ ታስቆጥራለህ፣ አንዱን ጆሮውን ታቀላለህ፤ አንዱ ስስታም፣ አንዷ ለማኝ መስለው ይተፋፈራሉ፤ ደመወዙን መክፈል የነበረበት ሰውዬ በቦታው የለም። ቢሮው ቁጭ ብሎ 25 ይጨመር ወይስ 30 እያለ ነው።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። «አንተ» ያልነዎት በንዴት ነው። ደግሞም በዚያች ሦስት ጊዜ በምትመታ ዜሮ ከተደባደብን ወዲህ ትንሽ ተቀራርበናል።

ሌላ አገር ያሉ ዘመዶችዎ ኑሮ ቢያጓጓዎት፦ ፈረንሳይ ከ1987 ጀምሮ የምግብ ዝርዝር ላይ የሚጻፈው ዋጋ አገልግሎቱን የጨመረ ነው። ብሪታንያ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ አሠሪ ጉርሻ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ በሕግ ከልክላለች። ጃፓን ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትቶ የወጣን ሰው አስተናጋጁ «ረስተዋል» ብሎ መንገድ ድረስ ሊከተለው ይችላል። እዚያ ቢዛወሩ ሥራ ፈት ነዎት።

ለጊዜው ብዙ አንጠይቅም። «ያለ ጉርሻ» የምትለው ቁልፍ ከተቀበረችበት ወጥታ እንደ እህቶቿ አረንጓዴ ትልበስ። መቶኛው ከታክስ በፊት ይሰላ። 18 የተደመረበት ደረሰኝ ላይ አፍዎን ይዝጉ። ሰው በሌለበት ማሽን ላይ ደግሞ ጨርሶ አይታዩ።

የሐሙሷ 43 ሳንቲም ጉዳይ ግን ያለ መልስ እንድታልፍ አንፈቅድም። ካሸሯ እጅ ገባች? ለፈረቃው ሁሉ ተከፋፈለች? ወይስ ሥራ አስኪያጁ ጋ አደረች? ከ2018 ወዲህ በአሜሪካ ሕግ አሠሪና ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኛ ጉርሻ መካፈል ስለማይችሉ፣ ጥያቄው የሕግ መሠረት አለው። መልሱ በጽሑፍ ይሰጠን፤ ለታክሱ የተከፈለችው 3 ሳንቲም ለብቻዋ ተለይታ።

ከሰላምታ ጋር
ወረፋው

ግልባጭ፦
ለካሸሯ፣ ጣሪያው ሥር
ለደመወዝ ክፍል (ባሉበት ስላላገኘናቸው በበሩ ሥር የገባ)
ለባለ ውኃው (ዜሮ እንዴት እንደሚመታ መመሪያ፣ 1 ገጽ፣ በአባሪነት ተያይዟል)