ዓሣ የሌለበት የዓሣ ቤት

ዓሣ ላረባ የተነሳሁት ሰላም ፍለጋ ነው። ውሻ ይጮኻል። ድመት ትንቅሃለች። ዓሣ ግን ዝም ብሎ ይዋኛል፣ አንተም ዝም ብለህ ታየዋለህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ሐሳቤ ትንሽ ክብ ብርጭቆ ገዝቼ አንድ ጎልድፊሽ ልጨምርበት ነበር። ሻጩ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፣ ከመዳፍም በላይ ያድጋል አለኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ባልዲ ውስጥ 10 ዓመት ይቀመጣሉ?"

መልስ አጣሁ። ለጀማሪ እንዲያውም ትልቅ ገንዳ ይሻላል ባይ ነው፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይመረዛል፣ ብዙ ውሃ ግን የሰውን ጥፋት ይችላል። ብርጭቆ ልገዛ ሄጄ ባለ 100 ሊትር ገንዳ አስጭኜ ተመለስኩ።

ባለቤቴ "መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አድርገው" አለች። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሳይቆጠር። አንድ ወፍራም እንግዳ መደርደሪያው ላይ ወጥቶ ቀን ከሌት ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። የምግብ ጠረጴዛው ለገንዳው ተለቀቀ። እኛ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን።

ውሃ ሞላሁ። የክሎሪን ማርከሻ ጨመርኩ። ማጣሪያውን ሰካሁ። ዓሣ ልገዛ ብመለስ ልጁ አልሸጥም አለ። "ከወር በኋላ ይምጡ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የሚኖረው መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ያቃጥላል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት የሚቀይር ባክቴሪያ አለ፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ይመጣና ናይትሬት ያደርገዋል። ይሄኛው ካልበዛ ብዙ አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ መቀየር ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሰፍረው እስኪበዙ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ቀለባቸውን፣ ማለትም አሞኒያውን፣ በጠብታ የምሰፍርላቸው እኔ ነኝ። ጤነኛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ መርዝ ይገዛል? ገዛሁ።

መከራዬ የጀመረው እንግዳ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ አማቴ መጡ።

"ዓሣው የታለ ልጄ?"

"ገና ነው እማማ። አሁን ባክቴሪያ እያረባሁ ነው።"

የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

ቀጥሎ ሁሉን የሚያውቀው ጓደኛዬ መጣ። "ዝም ብለህ ትለፋለህ! እኔ የገዛሁ ዕለት ነው የጨመርኳቸው፣ ምንም አልሆኑ።"

"አሁን እንዴት ናቸው?"

"አይ፣ እነሱማ ሞቱ።"

ጎረቤት ደግሞ በራፍ ላይ ቆሞ "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" ብሎ ሄደ። ውሃውን ግን አልወቀጥኩትም፤ መረመርኩት እንጂ። በየማለዳው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጠብታ ጨምሬ ቀለሙ እስኪቀየር እጠብቃለሁ። አንድ ቀን "አሞኒያው ወርዷል!" ብዬ ስጮህ ባለቤቴ ደንግጣ ከእንቅልፏ ተነሳች። ባክቴሪያዎቼ ሥራ ጀምረዋል! እሷ ተመልሳ ተኛች።

በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ ቤቱ ጸድቷል። ባለቤቴ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ።

"ያ ስፖንጅ እንዴት ቆሽሿል! ቧንቧ ስር አድርጌ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩልህ።"

ቡናማው ቆሻሻ ቤተሰቤ ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን የሚጨመረው ደግሞ ባክቴሪያ ሊገድል ነው። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እየጨመቁ መሆኑን የነገርኳት መስሎኝ ነበር። አልነገርኳትም። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ደውላ ለእናቷ "አዝኗል" ስትል ሰማሁ። "አይ፣ ዓሣ አልሞተበትም። ዓሣ መች አለው?"

እንደገና ከአንድ።

በመጨረሻ ጋፒ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ዓሦች ገዛሁ፤ ሁሉም ወንድ። ሴቷ አንዴ ካረገዘች የወንዱን ዘር ለወራት አስቀምጣ፣ ወንድ በሌለበትም ደጋግማ ትወልዳለች ተብያለሁ፤ የእኔ ጠረጴዛ ያን ያህል ቤተሰብ አይችልም። ፕላስቲኩን እንደታሰረ ሩብ ሰዓት ውሃው ላይ አንሳፍፌ፣ ሙቀቱን አለማምጄ፣ በመረብ አስገባኋቸው።

የዚያኑ ቀን አማቴን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገንዳው ፊት ተቀመጡ። ዓሦቹ አዲስ ቤት ስለሆነባቸው ስድስቱም ቅጠሉ ኋላ ተደብቀዋል። አማቴ ገንዳውን አዩ። ፊቴን አዩ። ሆዳቸው ባባ መሰለኝ።

"ያምራሉ ልጄ" አሉ። "በጣም ያምራሉ። ከሁሉም ያ ጥቁሩ።"

ጥቁሩ ማጣሪያው ነው።