ሰንሰለቱ ይባረክ

ጎንደር የውሻ ማሠልጠኛ የላትም እያሉ የሚያሟት አሉ። ሐሜት ነው። ከማራኪ እስከ አዘዞ ያለው የቆርቆሮ በር ሁሉ ማሠልጠኛ ነው፤ ቀን ከሌት ይሠራል፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ተማሪ አይጥልም። ምሩቃኑን ማየት ያማረው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ማኅሌት ይውጣ። እኛ ግን የመምህራኑን ውለታ ሳንናገር ዝም ብንል ነውር ነው።

ጥበባቸው ከቡችላው ዕድሜ ይጀምራል። ነገር የማያውቅ ሰው ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለየውም። ቡችላ እስከዚያ ድረስ ከወንድም እህቶቹ ጋር እየተናከሰ የአፉን ልክ ይማራል፤ አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ትቶት ይሄዳል፣ እናቱም ትገሥጸዋለች። የእኛ ሰዎች ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት የላቸውም። ዐይኑን ከገለጠ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን በካርቶን አምጥተው፣ የላም ወተት ግተው፣ ሆዱን በጥብጠው፣ «ጃክ» ብለው ስም ያወጡለታል። ጃክም ጥርሱ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያድጋል።

ቀጥሎ ጆሮው በምላጭ ይቆረጣል፣ ያውም ያለ ማደንዘዣ። ቁጡ ያደርገዋል ይባላል። እውነት ነው፣ ማን ተቆርጦ ደስ ይለዋል? የጆሮው ቅጠል ድምፅ ከወዴት እንደመጣ ለመለየት ያግዘው ነበር፤ ሲፈራም ወደ ኋላ እያስተኛ «አትጠጉኝ» ይልበት ነበር። ጆሮው ሲሄድ ማስጠንቀቂያው አብሮ ሄደ፤ የቀረው ንክሻው ነው። ሚጥሚጣ ማብላትም አለ። ሚጥሚጣ የበላ ውሻ አፉ ይቃጠላል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ቁጣ ግን በሆድ በኩል አይገባም። ቢሆንም የአባት ወግ ነውና ይቀጥል።

ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ያለው ጊዜ የቡችላ አእምሮ ክፍት የሚሆንበት ነው። ያን ጊዜ ያለ ድንጋጤ ያየውን ነገር ሲያድግም እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል፤ ባጃጁን፣ ጃንጥላውን፣ ቢጫ ጀሪካን የተሸከመችውን፣ እየሮጠ የሚያልፈውን ሕፃን። መምህሮቻችን ይህን ስለሚያውቁ ይመስላል በነዚያ ሳምንታት ቡችላውን ማድቤት ጀርባ፣ ጨለማ ውስጥ የሚዘጉት። አምስተኛው ወር ላይ ሲወጣ ዓለም በሙሉ ጠላት ሆና ትጠብቀዋለች። «ይኼማ ኃይለኛ ነው!» ይባላል። ኃይለኛ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባና የባለቤቱን ልጅ አይለይም፤ ይህም የፍትሐዊነቱ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንምጣ፤ ወደ ሰንሰለቱ። አንድ ሜትር ብረት፣ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ አንድ ውሻ። የፈራ እንስሳ ሁለት መንገድ አለው፤ መሸሽና መንከስ። ሰንሰለቱ መሸሹን ይዘጋለታል። የቀረውን ትምህርት መንገደኛው በነፃ ይሰጣል። ሰው በበሩ ያልፋል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሰውዬው ይሄዳል። ሰውዬው የሄደው ወፍጮ ቤት ሳይዘጋበት ለመድረስ ነው፤ ውሻው ግን «ጮኽኩ፣ አባረርኩ» ብሎ ይይዘዋል። መቶ ሰው ቢያልፍ መቶ ድል ነው። በዚህ ላይ የሰፈር ልጆች በቆርቆሮው ቀዳዳ ጠጠር ይወረውሩለታል፤ ጃክም ትንሽ ሰው ማለት ድንጋይ ማለት እንደሆነ አጥንቶ ይጨርሳል።

በዚህ መሐል የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይመጣል። ደበሎ ለብሷል፣ አኮፋዳ ይዟል፣ በእጁ ዱላ አለ። ዱላውን የያዘው ስለ ውሻው ነው፤ ውሻው የሚቆጣው ስለ ዱላው ነው። ይህ ክርክር በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ስንት ትውልድ እንዳሳለፈ ሊቃውንቱ ይንገሩን። ባለቤትየው ከውስጥ ሆነው «ዝም በል!» እያሉ ይጮኻሉ። ውሻው የሚሰማው ጌታው አብረውት ሲጮኹ ነው፤ ስለዚህ በርትቶ ይቀጥላል።

ሌላ አገር ያሉ የዋሆች እንዲህ አያደርጉም። ውሻውን አምስት ሜትር ገመድ ላይ አድርገው ሰውን አይቶ ገና ከማይጮኽበት ርቀት ይጀምራሉ፤ ሠላሳ ሜትር ከሆነ ሠላሳ ሜትር። ሰው ብቅ ሲል፣ ውሻው ዝም እንዳለ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቁራሽ ያጎርሱታል። ከሁለት ሰከንድ ከዘገዩ የተከፈለው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ስለማይገባው ይፈጥናሉ። ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ሠርተው ያቆማሉ፣ በማግስቱ ትንሽ ይጠጋሉ፤ ከጮኸ ቸኩለዋልና ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሥጋ በዚህ ዋጋ? ይሉ ይሆናል። የደረቀ ዳቦም ይሠራል። ግን ለውሻ ተዘቅዝቆ ዳቦ የሚያጎርስ ጎረምሳ ሰፈር ምን ይለዋል?

ጥሪውም የራሱ ስልት አለው። ጃክ ሰንሰለቱን በጥሶ ወጣ እንበል። ጌታው «ና! ና! ና እንጂ! ና አልኩህ!» ይላሉ። አራተኛው ላይ ይመጣል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ማሟሟቂያ መሆናቸውን ለምዷል። ሲመጣ «ለምን ወጣህ!» ተብሎ በእርግጫ ይቀበሉትና ያስሩታል። ጌታው ያስተማርኩት አለመውጣትን ነው ብለው ያስባሉ። ጃክ የተማረው አለመምጣትን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ድንጋይ ተወርውሮ የሚደርስበትን ርቀት ለክቶ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ አልፎ ይቆማል። ውሻ አይገባውም የሚል ይህን ይይ። ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ውሻ የፈለገ ሰው አንዴ ብቻ ይጠራል፣ ሲመጣ ያጎርሳል፣ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል። አሥር ጊዜ ከተጠራ ዘጠኙን እንዲጫወት ከተለቀቀ መምጣት የነፃነት ማብቂያ አይሆንበትም። ይህ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እርግጫ ቀላል ነው።

ቤት ውስጥ የሚሸናውን ቡችላ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸትም ከሰዓታት በኋላ ሲሆን ያምራል። «ጥፋቱን ያውቃል፣ ፊቱን እዩት!» ይላሉ። በፈረንጆች 2009 ላይ የታተመ አንድ ጥናት ይህን ፊት ፈትሾ ነበር፤ ውሾቹ ያን ፊት ያሳዩት ባጠፉ ጊዜ ሳይሆን ጌታቸው በተቆጣቸው ጊዜ ነው፣ ምንም ያላጠፉትም ጭምር። ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ በልቶ እንደጨረሰና ተጫውቶ እንደበቃ ወደ ግቢ ማውጣት፣ ሲጨርስም እዚያው ማመስገን ነገሩን ይፈታው ነበር። የታሸው ቡችላ ግን አልጋ ሥር ተደብቆ መሽናት ስለሚማር የቤተሰቡ ፈሊጥ የላቀ ነው።

ትእዛዙን በተመለከተ የቋንቋ ሀብታችን ያኮራል። አባት «ቁጭ በል»፣ እናት «ተቀመጥ»፣ ፊልም የሚያየው ልጅ «ሲት» ይላል፤ አጎት በፉጨት ያዛል። አንድ ቃል ተመርጦ ቤተሰቡ በሙሉ እሱን ብቻ ቢል ጃክ በሳምንት ይይዘው ነበር፤ ያኔ ግን ማን ይሆን የቤቱ አዛዥ የሚለው ጠብ ይነሣል።

ስለ ክትባት የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «የታሰረ ውሻ ከየት ያብዳል?» ቀን የታሰረው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚለቀቅ፣ ከመንገድ ውሾች ጋር እስኪነጋ እንደሚናከስ አይነሣም፤ ለቀንና ለሌት ሁለት ውሻ ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜው ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ግን ጃክን በገመድ ይዞ እዚያ ድረስ መሄድ የሚችል ማን ነው? በገመድ መሄድ አልተማረማ። እዚህ ላይ ለአፍታ ሽሙጡን ልተወው፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ትሕትናቸውን ነው። ጃክ የጎረቤቱን ባት ቦጭቆ ጉዳዩ በሽማግሌ ሲታይ፣ ይህን ሁሉ ወር የደከሙት መምህር ድርሻቸውን አንድም አይጠይቁም። «እኔ ምንም አላስተማርኩት፣ ተፈጥሮው ነው» ይላሉ። የሕክምናውን ወጪ ይከፍላሉ፣ የተቀደደውን ሱሪ ይተካሉ። ሽማግሌዎቹም ያምኗቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ቤት ሰንሰለት አለ።