ዌልሽኛ «ሲጠየቅ ብቻ»?

በዌልስ በስልክና በቢሮ ምክር የሚሰጥ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በቅርቡ ለበጎ ፈቃደኞቹ ኢሜይል ላከ። እኔም አንዱ ስለሆንኩ ደረሰኝ። ነገሩ አጭር ነው። ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ላይ «በዌልሽኛ ለመነጋገር አንድን ይጫኑ» የሚለው ተነስቷል። የዌልሽኛ ፎርምና በራሪ ወረቀት ደግሞ ከእንግዲህ የሚዘጋጀው «ሲጠየቅ ብቻ» ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? በዌልሽኛ የሚደውለው ሰው ጥቂት ነው፣ ገንዘብም የለም። መጨረሻው ላይ «ድርጅታችን ለሁለቱም ቋንቋዎች ያለው እኩል አክብሮት እንደተጠበቀ ነው» የምትል ነገር ጣል አድርገውባታል። እኩል! ታዲያ እንግሊዝኛውም ሲጠየቅ ብቻ ይሁናላ።

ይሄ ያናድዳል። የባሰው ግን የመጣው ከራሳችን ሰፈር ነው። ነገሩ የሐበሻ ዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ ሲነሳ አንድ ወንድማችን «ጥሩ አደረጉ» ብሎ ጻፈ። «ዌልሾቹ ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላሉ። ይሄ ቅንጦት ነው። ገንዘቡ ለአማርኛና ለትግርኛ አስተርጓሚ ቢውል ይሻላል» አለ። አውራ ጣት የሰጠው ሰው ብዛት! እዚያው ልመልስለት ጀመርኩና ነገሩ በስልክ ጽሑፍ የሚያልቅ አልሆነልኝም።

እሺ፣ «ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላሉ» ከምትለዋ እንጀምር፤ ምክንያቱም ከሁሉ የደከመችው እሷ ናት። ሁሉም አይችሉም። ሰሜን ምዕራብ ግዊኔዝ ውስጥ ቤታቸው ዌልሽኛ ብቻ እየሰሙ የሚያድጉ፣ እንግሊዝኛን ገና በቅጡ ያልያዙ ትንንሽ ልጆች አሉ። በመርሳት በሽታ የተያዙ አዛውንቶችም አሉ፤ እነሱን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚከዳቸው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። እነዚህን ደግሞ ተዋቸው፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረውን ጤነኛ ጎልማሳ እንውሰድ። ሰው የሚችለውን ቋንቋ ሲጨንቀው ከሚወጣው ቋንቋ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ወይ ተጨንቆ አያውቅም፣ ወይ ረስቶታል። እንግሊዝኛው ውሃ የሆነ ጓደኛ ሁላችንም አለን። ልጁ ሲታመምበት ወይም ከቤት ውጣ የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ግን መጀመሪያ የሚደውለው ለማን ነው? ለሐበሻ ነው። በጎ አድራጎት ድርጅት የሚደወለው ደግሞ ልክ እንደዚያ ባለ ቀን ነው። ዕዳ ሲከመር፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ሰው መኖር ሲያስጠላው። ለተጨነቀ ሰው ስልክ የሚያነሳው ሳማሪታንስ የዌልሽኛ የስልክ መስመር ያለው ለጌጥ ይመስላችኋል?

ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንፈርደው ዋና ከተማው ካርዲፍ ተቀምጠን ነው። በ2021 ቆጠራ ካርዲፍ ውስጥ ዌልሽኛ እችላለሁ ያለው 12.2 በመቶ ሰው ነው። ግዊኔዝ ውስጥ 64.4 በመቶ። በመላው ዌልስ 538 ሺህ ገደማ፣ ማለትም ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 17.8 በመቶ። መላው ዌልስን አገለግላለሁ የሚል ድርጅት ከቢሮው በር ላይ የሚሰማውን ቋንቋ ለአገሩ ሁሉ መለኪያ ማድረግ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ማንም አይጠይቅም»።

እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ምን እናደርጋለን? «ርቦሃል ወይ? ካልክ አቀርባለሁ» እንላለን? እንደዚያ ካልን እንግዳው በልቼ ነው የመጣሁት ብሎ ምሎ፣ ርሃቡን ይዞ ይሄዳል። ይሉኝታ ነዋ። ስለዚህ አንጠይቅም፣ እናቀርባለን። ዌልሽኛ ተናጋሪውም እንዲሁ ነው፤ ይሉኝታው ደግሞ ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች ዌልሽኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር፤ ልጁም ሌላ ጥፋተኛ ሲገኝ ያስተላልፈዋል፣ ማታ ላይ እንጨቱ የተገኘበት ይቀጣል። በ1847 ከለንደን የተላኩ ኮሚሽነሮች ቋንቋውን ለሕዝቡ እድገትና ግብረ ገብ እንቅፋት አድርጎ የሚያቀርብ ሪፖርት ጻፉ። ያ ሁሉ አልፏል፣ አዎ። ግን ከቤት ወጥተህ ጉዳይ ስታስፈጽም ወደ እንግሊዝኛ መዞር ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ ልማድ ሆኗል። «አላስቸግራቸው፣ ሠራተኛዋ ባትችልስ፣ ፖለቲከኛ ብመስላቸውስ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቅ ቢሉኝስ» ይላል ሰውዬው፤ ይልና በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። ከዚያ ድርጅቱ ይህን ዝምታ ቆጥሮ ሰንጠረዥ ይሠራበታል፣ ቦርዱም ሰንጠረዡን አይቶ መስመሩን ይዘጋል። ፍላጎት የለም ተባለ። የለካችሁት ፍላጎትን ሳይሆን የሰውን ጨዋነት ነው።

ይሄ እኔ የፈጠርኩት ፍልስፍና አይደለም። የዌልስ መንግሥት በ2012 ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት ባወጣው ማዕቀፍ ውስጥ ያለ ሐሳብ ነው፤ ሰው ሳይጠይቅ በዌልሽኛ አገልግሎት ይቅረብለት ይላል። ጥያቄውን የማንሳት ሸክም ከተገልጋዩ ትከሻ ይውረድና አገልጋዩ ይሸከመው ነው ነገሩ። አዲስ ዜና ለሆነባቸው የቦርድ አባላት እንኳን ደስ አላችሁ።

ደግሞ ከባድ አይደለም። ስልክ የሚያነሳው ሰው መጀመሪያ በዌልሽኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሰላም ይላል። ያንን ለመልመድ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፣ እኔ ራሴ ለምጄዋለሁ፣ አነጋገሬ ያስቃል እንጂ ማንም አልተቀየመኝም። ቀጥሎ «በዌልሽኛ ይመችዎታል ወይስ በእንግሊዝኛ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መዝግቦ መያዝ ነው፤ ሰውዬው በደወለ ቁጥር እንደ አዲስ እንዳይለምን። ዌልሽኛ የሚችል ሠራተኛ ደረቱ ላይ ወይም አንገቱ ላይ ዌልሽኛ ተናጋሪ መሆኑን የምታሳየውን ያቺን የታወቀች ብርቱካናማ ምልክት ያድርግ፣ ተገልጋዩ ሳይጠይቅ ያውቃል። ማን ማክሰኞ ጠዋት ተረኛ ነው፣ ማን ሐሙስ፣ የሚለውን ስትደለድል ዌልሽኛ ተናጋሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን እንዳይወድቁ ማየት ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ሐሳብ ነው የሚጠይቀው። ቅጥር ላይም ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። «ዌልሽኛ ቢችል ይመረጣል» ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ የማይችለውን ቀጥሮ፣ ከዚያ ተናጋሪ ጠፋ ማለት ቀልድ ነው። ግዊኔዝ ላለ ቢሮ ግዴታ አድርገው።

ትርጉምን በተመለከተ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ተጽፎ፣ ታርሞ፣ ፎቶ ገብቶበት ሊታተም ሁለት ቀን ሲቀረው «ይቺን ተርጉሙልን» ይባላል። በ2008 ስዋንሲ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ምክር ቤቱ ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚል የመንገድ ምልክት ለማስተርጎም ኢሜይል ላከ፣ ወዲያው በዌልሽኛ መልስ መጣለት፣ መልሱን ምልክቱ ላይ አትሞ ሰቀለው። ጽሑፉ ምን ይል ነበር? «አሁን ቢሮ የለሁም፤ የሚተረጎም ሥራ ካለ ላኩልኝ»። አገር ሳቀ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳቁ አይደለም። ሰቅሎት እስኪያልቅ ድረስ አንድ ዌልሽኛ የሚያነብ ሰው በዚያ የሥራ ሰንሰለት ውስጥ አለማለፉ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ቢጻፉ፣ በአንድ ቀን ቢወጡ፣ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም። ደግሞም ዌልሽኛው ሰው የሚገባው ይሁን። ብዙ አዛውንት የተማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በዌልሽኛ እየኖሩ የመሥሪያ ቤት ዌልሽኛ ግን ይከብዳቸዋል። ጥርስ የሚሰብር ትርጉም ትሰጣቸውና እንግሊዝኛውን ሲያነሱ «አየህ፣ አይፈልጉትም» ትላለህ። ፎርሙን ለአንዲት የመንደር እናት አንብብላቸው፣ ካልገባቸው መልሰህ ጻፈው።

ስብሰባም እንዲሁ ነው። እኔን ጨምሮ ዌልሽኛ የማንችለው የጆሮ ማዳመጫ አድርገን አስተርጓሚውን እናዳምጣለን፣ የሚችሉት በቋንቋቸው ይናገራሉ። አብዛኛው ቦታ ግን አንድ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሰው ሲገባ አሥራ አምስቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞሩለታል፤ ያም ትህትና ይባላል። አሁን እኮ ዙምና ቲምስ ላይ ሳይቀር የአስተርጓሚ ድምፅ የሚለቀቅበት መንገድ አለ።

ነገሩን ንቆ ማለፍ የሚያስከፍለውን የሚያሳይ የቆየ ታሪክ አለ። በብሪታንያ የመጀመሪያው የሴቶች ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1915 በዌልሽኛ ተናጋሪዋ አንግልሲ ደሴት፣ ላንቫየርፑል መንደር ነው። ማኅበሩ አደገ፣ ገነነ። ግማሽ ክፍለ ዘመን አለፈና በ1967 ባላ ከተማ አጠገብ ፓርክ በምትባል መንደር ያሉ አባላት የማኅበሩን ጉዳይ በዌልሽኛ እናከናውን አሉ። እንግሊዝኛ ነው የሚሆነው ተባሉ። ሴቶቹም ወጥተው መርኸድ ኧ ዋውር የሚባል የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። እሱም ዛሬ ድረስ በመላው ዌልስ አለ። ያኔም እኮ እነዚያ ሴቶች እንግሊዝኛ «ይችሉ» ነበር!

ገንዘብ። እሺ፣ ሦስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ማድረግ አይችልም፤ ይህን እቀበላለሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አልቀበልም። የትርጉም ወጪ ፕሮፖዛል ሲጻፍ ከኪራይና ከመብራት ጋር ይገባል። የብሔራዊ ሎተሪ የማኅበረሰብ ፈንድ በዌልስ ላሉ ድርጅቶች የሁለት ቋንቋ ሥራን ወጪ በጀት ውስጥ አስገቡ ነው የሚለው። ለአጫጭር ጽሑፍ መንግሥት ያቋቋመው ሄሎ ብሎድ በነጻ ይተረጉማል። የባንጎር ዩኒቨርሲቲው የፊደልና የሰዋስው ማረሚያ ለትንንሽ ድርጅቶች ነጻ ነው። ለሠራተኞች በሥራ ቦታ የሚሰጥ የዌልሽኛ ትምህርትም አለ። የቋንቋ ኮሚሽነሩ ቢሮ ደግሞ ዕቅድ አብሮህ አውጥቶ፣ ዕቅዱ ሲጸድቅ ዕውቅና ይሰጥሃል። ይህን ሁሉ ሳይሞክር ገንዘብ የለኝም የሚል ድርጅት የጎደለው ፍላጎት ነው። «የ2011ዱ የዌልሽኛ ቋንቋ ሕግ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት አያስገድደንም» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፣ አብዛኛውን በጎ አድራጎት አያስገድድም። በግድ ብቻ የሚሠራ በጎ አድራጎት መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

አሁን አንተ ወንድሜ። ገንዘቡ ለአማርኛና ለትግርኛ ይዋል ላልከው። ኢሜይሉን አንብበኸዋል? ስለ አማርኛ አንዲት ቃል አለችበት? የለችም። የተረፈው ገንዘብ ወደ እኛ የሚመጣ መስሎህ ከሆነ እነዚህን ሰዎች አታውቃቸውም። ካርዲፍ፣ ኒውፖርት፣ ስዋንሲ፣ ሬክሳም የሚመደቡ የኛ ጥገኝነት ጠያቂዎች አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል፣ ያውም በአስቸኳይ። ግን በገዛ አገሩ፣ በሕግ ኦፊሴላዊ በሆነ ቋንቋ ለሚናገር ሰው «እንግሊዝኛ ትችል የለ» ያለ ድርጅት፣ ለአንተና ለእኔ ነገ ምን የሚል ይመስልሃል? «እዚህ ስትኖር ቆየህ እኮ» ነው የሚልህ። ሰውን በየትኛው ቋንቋ ላናግርህ ብሎ መጠየቅ የለመደ፣ መልሱን የመዘገበ፣ አስተርጓሚ የሚያዝበትን መንገድ ያወቀ ድርጅት ለአማርኛም ይቀርባል። በ2021 ከካቡል የሸሹ የአፍጋን ቤተሰቦችን ካርዲፍ ውስጥ ተቀብሎ ያስጠጋው እኮ ኡርድ ነው፤ በዌልሽኛ የሚሠራው የወጣቶች ድርጅት። ልጆቹንም ዌልሽኛ አስተማራቸው። ቋንቋውን የሚወድ ሰው ለሌላው ቋንቋ ይነፍጋል ያለህ ማነው?

ቦርዱ ውሳኔውን «ከስድስት ወር በኋላ እንገመግመዋለን» ብሏል። በምን እንደሚገመግሙት ጠይቄ ነበር። በዌልሽኛ በደወለው ሰው ብዛት ነው አሉኝ። መስመሩን ዘግተውት!