እርጥብ ተረክቤ ደረቅ መለስኩ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ደብል ጋቢና ፒካፕ ያለ ሾፌር ለሦስት ወር ተከራየሁ፤ ሐረማያና ባቢሌ ላይ የምከታተላቸው ሁለት የግንባታ ሥራዎች ነበሩኝ። የአከራዩን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ተከራይታችሁ የምታውቁ ግን ይህን ስታነቡ የራሳችሁን አከራይ የምታስታውሱ ይመስለኛል። ያስያዝኩት መያዣ 50,000 ብር ነበር። ጥር ላይ መኪናዋን ስመልስ እጄ ላይ የተቆጠረልኝ 8,000 ብር ነው። ቀሪው 42,000 ብር «የጉዳት ካሳ» ተብሎ ቀረ።

መኪናዋን የተረከብኩት ከዚራ ካለው ግቢያቸው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ልጆቹ አጥበዋት ውሃው ገና ሳይደርቅላት ነበር ያቀረቡልኝ፤ እኔም ለእኔ ክብር የታጠበች መስሎኝ ደስ አለኝ። እርጥብ ቀለም ላይ ጭረት እንደማይታይ የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ውሃው የጭረቱን ቀጭን ቦይ ይሞላውና እንደ ጤነኛ ቀለም ያብለጨልጫል፤ ሲደርቅ ነጩ መስመር ብቅ ይላል። እንዲያም ሆኖ የኋላው ባምፐር ግራ ጠርዝ ላይ መዳፌን የሚያህል የተላጠ ቦታ፣ በሾፌሩ በኩል ባለው የኋላ በር ላይ ደግሞ ከእጀታው ሥር የሚጀምር ረጅም ጭረት አይቼ ጠቆምኩ። ያስረከበኝ ወጣት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አቦ ተዋት፣ የድሮ ናት፣ እናውቃታለን» አለኝ። የርክክቡ ቅጽ ላይ ጉዳት ምልክት የሚደረግበት የመኪና ሥዕል አለ፤ እሱን ባዶውን ትተን ፈረምን። ጥፋቱ የራስህ ነው ለምትሉኝ፣ ይህኛው በእርግጥ የራሴ ነው።

ስመልሳት ግን ርክክቡ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጣ፤ አንድ ልጅ በደረቅ ጨርቅ እየወለወለ ይቀድመዋል፣ እሱ ደግሞ በድሬ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ የስልኩን መብራት አብርቶ ይከተላል። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ «አንተ» ሲለኝ የከረመው ሰው በዚያች ቀን «እርስዎ» አለኝ። ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌውም «አንተ» ይባላል፣ «እርስዎ» የሚመጣው ሒሳብ ሲመጣ ነው።

ሒሳቡም መጣ። ለባምፐሩ 9,500፣ ለበሩ 7,000፣ ለፊት መስታወቱ 12,000፣ መኪናዋ ጋራዥ ለምትቆምባቸው ሦስት ቀናት ደግሞ በቀን 4,500 ሒሳብ 13,500 ብር። የመስታወቱን አልክድም። ከባቢሌ ስመለስ ከፊቴ ከነበረ የጭነት መኪና ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር ከተሳፋሪው በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ጥሎበታል፤ የዕቃ ዋጋም ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ ስለማውቅ በዋጋው አልተከራከርኩም። ያንገበገበኝ ባምፐሩና በሩ ናቸው። የተላጠውን የባምፐር ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው፣ ከቀለሙ ሥር ግራጫ ስቱኮ ተሰንጥቆ ይታያል። ስቱኮ ከፋብሪካ ይዛው አትመጣም፤ ስቱኮ ካለ ቀድሞ ተጎድቶ የተለሰነ ነገር አለ ማለት ነው። የበሩም ጭረት ጫፉ ዝጓል፣ ዝገቱ ውስጥ ደግሞ የታጠበችበት የሳሙና ዱቄት ደርቆ ጠጥሯል። አዲስ ጭረት ብረቱ ያበራል። ይህን ለመለየት የላሜራ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

ስከራከር ሥራ አስኪያጁ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 ጠቀሰልኝ፤ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል ሕግ ነው። እውነቱን ነው። ውላችን «ተከራይ መኪናዋን እንደተረከባት አድርጎ ይመልሳል» ይላል፤ እንዴት እንደተረከብኳት የሚመሰክረው ሥዕል ግን ባዶ ነው፣ ባዶነቱ ደግሞ በእነሱ አነባበብ «ምንም አልነበራትም» ማለት ሆነ። ኢንሹራንሱስ ብዬ ነበር። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን ሌላው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራሷ ለመኪናዋ አይከፍልም፤ ሙሉው መድን ደግሞ የመጀመሪያውን የተወሰነ ወጪ ለባለቤቱ ይተወዋል፣ ባለቤቱም በውሉ ለእኔ አስተላልፎታል። የሚከፈልበትን አሮጌ መስታወት ስጡኝ ስል ሳቁ። ደረሰኝ ስል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ።

እንግሊዝ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነገሩን ስነግረው እዚያም ያው ነው አለኝ። እዚያ መኪና ለሦስትና ለአራት ዓመት በውል ይዞ መመለስ የተለመደ ነው፣ በመመለሻው ቀን መጣላትም እንደዚሁ። ጠቡ ግን በሚሊሜትር ነው። የአከራዮቹ ማኅበር ባወጣው መመሪያ እስከ 25 ሚሊሜትር የሆነ፣ የታችኛውን ቀለም ወይም ብረቱን ያላጋለጠና ሲወለወል የሚጠፋ ጭረት፣ እንዲሁም ቀለሙ ያልተሰነጠቀ እስከ 15 ሚሊሜትር የሆነ ስርጉድ የአገልግሎት እርጅና ተብሎ ይታለፋል። መኪናዋም ታጥባና ደርቃ፣ በቂ ብርሃን ባለበት እንድትታይ ይመክራል። ደርቃ! እኔ ያ ቃል ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። የእኔው በር በዚያ መለኪያም አያልፍም፤ ጭረቱ ከክንዴ ይረዝማል፣ ብረቱም ታይቷል። የቀናሁት ማስመሪያ በመኖሩ ነው። እኛ ጋ ማስመሪያው የሥራ አስኪያጁ ዓይን ነው፣ ያም ዓይን ጥቅምት ላይ ጨፍኖ ጥር ላይ ይገለጣል።

እዚህ ላይ ነገሩን ትቼው ነበር። ገንዘቡ ሄዷል፣ ክስ ልመሥርት ብል ምልልሱ ከ42,000 ብር ይበልጣል ብዬ ተውኩት። በዘጠነኛው ቀን ግን ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ አየኋት። ታርጋዋን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ባምፐሩ እንደተላጠ ነው፣ ስቱኮውም እንዳፈጠጠ። የበሩ ጭረት ከነዝገቱ አለ። መስታወቱ ላይ 12,000 ብር የከፈልኩባት የምስር ፍሬ ከነቦታዋ ቁጭ ብላለች።

የያዛትን ሰው ጠብቄ አነጋገርኩት። ለአራት ወር የተከራያት የጅግጅጋ መስመር ነጋዴ ነው። መቼ ተረከብካት ስለው የነገረኝ ቀን እኔ በመለስኳት ማግሥት ሆነ፤ ጋራዥ ትቆማለች ተብሎ ከእኔ ሦስት ቀን ኪራይ ሲቆረጥ፣ በእነዚያው ሦስት ቀናት እሱም ኪራይ ሲከፍልባት ነበር። ስለ ጭረቷ ምን አሉህ አልኩት። «የድሮ ናት፣ እናውቃታለን አሉኝ» አለ፤ ቅጹን ከመኪናዋ ኪስ አውጥቶ ሲያሳየኝም ሥዕሉ እንደ እኔው ባዶ ነው። ያቺ ጭረት ከእኔ 7,000 ብር በልታለች፣ ከእሱም ልትበላ ተቀምጣለች፤ ከእኔ በፊት ከስንት ሰው እንደበላች የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መኪናዋን እዚያው በጨርቅ አደረቅናትና ባምፐሩን፣ በሩንና መስታወቱን አሥራ አንድ ፎቶ አነሳን። በዚያው ዕለት ሥዕሉን ሞልቶ እንዲያስፈርማቸው መከርኩት፤ በእጅ የተጻፈችውን የሒሳብ ወረቀቴንም ቅጂ ሰጠሁት። የሚመልሳት ግንቦት 13 ነው። በዚያ ቀን በ6 ሰዓት እኔም ግቢያቸው ውስጥ እገኛለሁ።